ሳይጠሩት የሚመጣ አውቶቡስ

ኢሶቤ ሱሚዬ አውቶቡስ ውስጥ ስትቀመጥ ዓይኗን መክደን ትወዳለች። እንቅልፍ አይደለም፤ የኦኩናሚን ሸለቆ መንገድ በሰውነቷ ስለምታውቀው ማየት የሚያስፈልጋት አይመስላትም። ትከሻዋ ወደ መስኮቱ ሲያዘነብል የትልቁ ጥድ ጥምዝ ነው። ጆሮዋ ድፍን ሲል ዋሻው ነው። ከጎማው ሥር የሚመጣው ድምፅ ድንገት ባዶ ባዶ ሲል ድልድዩ ላይ ናቸው፤ ከታች ወንዙ አለ። ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ ሸለቆውን እስከ አፉ ሲሞላው አውቶቡሱ በምድር የሚሄድ አይመስልም፤ ነጭ ውሃ ላይ ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ጀልባ ይሆናል፤ ከጉሙ በላይ ብቅ ያሉት የተራራ ጫፎችም ደሴቶች።

እንዲህ ዓይኗን ከድና ስትሄድ ባዶዎቹ ወንበሮች በሰው ይሞላሉ። የእንጨት መሰንጠቂያው ሠራተኞች ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው ይገባሉ። ተማሪዎች ከኋላ ሆነው ይንሾካሾካሉ፤ አንዷ ትስቅና አፏን በእጇ ትይዛለች። ከሞተች ብዙ ዓመት የሆናት እናቷም የመሰንጠቂያው ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታንጎላጃለች። ሱሚዬ ዓይኗን ስትገልጥ ሹፌሩና እሷ ብቻ ናቸው።

ሱሚዬ የሚናሴ ከተማ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ናት። የተወለደችው አውቶቡሱ ዞሮ በሚመለስበት በሸለቆው መጨረሻ መንደር ነው፤ ስታገባ ወደ ከተማው ወረደች። ባሏ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ አንድ ልጇ ኦሳካ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። በጽሕፈት ቤቱ ልማድ ማንም አንድ ወንበር ላይ አያረጅም። በየጥቂት ዓመቱ ጸደይ ሲመጣ የዝውውር ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ ትናንት ግብር ሲሰበስብ የነበረው ሰው ነገ መጻሕፍት ያውሳል። ሱሚዬም ከግብር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ቤተ መጻሕፍት ስትል ቆይታ፣ ሃምሳ ዓመት ካለፋት በኋላ የዕቅድ ክፍሉ የትራንስፖርት ጠረጴዛ ደረሳት። ባልደረቦቿ ከንፈራቸውን መጠጡላት። ጠረጴዛው የቅሬታ ጠረጴዛ ነውና፦ አውቶቡሱ ዘገየ፤ አውቶቡሱ ባዶውን ይመላለሳል፤ ለምን በእኛ በር አያልፍም።

እሷ ግን ወደደችው። የወደደችው ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ባወቀች ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም ሰው አውቶቡስ በቲኬት የሚሄድ ይመስላት ነበር። የኦኩናሚ መስመር የቲኬት ገቢ ግን ለነዳጁ እንኳ አይበቃም። ታዲያ ጉድለቱን ማን ይሞላዋል? ሱሚዬ ይህን ለአዲስ ሰው ስታስረዳ ሁልጊዜ በተራራ ወገብ ላይ የተደረደሩ የሩዝ ማሳዎችን ትስላለች። ውሃው ከላይ ይመጣል፤ የላይኛው ማሳ ይጠጣና ለመካከለኛው ይለቃል፤ መካከለኛው ለታችኛው። ገንዘቡም እንደዚያው ነው። መንግሥት ለገጠር መስመሮች ብሎ ከሚይዘው በጀት የጉድለቱን ድርሻ ይሸፍናል፤ አውራጃው የራሱን ይጨምራል፤ የቀረውን ከተማው ይከፍላል። ከተማው ከከፈለው ላይም የተወሰነው፣ መንግሥት ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ከተሞች በሚያከፋፍለው ግብር በኩል ዞሮ ይመለሳል።

«አያችሁ!» ትላለች እርሳሷን እያወዛወዘች፤ «ቶኪዮ ውስጥ በባቡር ተጨናንቆ ሥራ የሚገባ ሰው፣ ሳያውቀው የእኛን ሸለቆ አሮጊቶች ሐኪም ቤት ያደርሳል። ይኼ አይገርምም?»

ማሳው ግን የውሃ በር አለው፤ የገንዘቡ በር ደግሞ ጉባኤው ነው። መንግሥት ገንዘቡን ለከተማው በፈለገው መንገድ አውጣው ብሎ አይሰጥም። በመጀመሪያ ዕቅድ ይጻፋል፦ መስመሩ በየት ያልፋል፤ በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል፤ ከየትኛው ባቡር ጋር ይገናኛል፤ ማንስ ይሳፈርበታል። ከዚያ ከተማው፣ የአውቶቡስ ኩባንያው፣ የሹፌሮች ተወካይ፣ የትራፊክ ፖሊስ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱና የተሳፋሪዎች ተወካይ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መስማማት አለባቸው። ፖሊሱ የማቆሚያው ቦታ አደገኛ ነው ካለ፣ ሹፌሮቹ ዕረፍት የለንም ካሉ ዕቅዱ ይመለሳል። ስምምነቱ የሰኔው ዝናብ ሳያባራ ለመንግሥት ካልደረሰ በሩ ይዘጋል፤ አዲሱ የድጎማ ዓመት በጥቅምት ሲጀምር ለመስመሩ የሚመጣ ገንዘብ አይኖርም። ሱሚዬ ይህን የጉባኤ ጠረጴዛ በዓለም ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ብልህ ነገር አድርጋ ታየዋለች።

በዚያ ዓመት የኦኩናሚ መስመር ክፉ ደረሰበት። የአውቶቡስ ኩባንያው ኃላፊ አቶ ካጂታኒ ትልቁን አውቶቡስ ከጥቅምት ጀምሮ እንደማያወጡት ተናገሩ። ሹፌሮቹ አርጅተዋል፤ አዲስ አይገኝም፤ ወንበሮቹም አየር ነው የሚጭኑት። ሱሚዬ በረዷማውን ክረምት ሙሉ ካርታ ላይ ተደፍታ አዲስ ዕቅድ ሠራች። በትልቁ አውቶቡስ ፋንታ አንዲት ትንሽ መኪና ትገባለች፤ ሰው ከቀኑ ቀድሞ ስልክ ሲደውል ትሄዳለች፤ ካልደወለ ትቆማለች። ባዶ ጉዞ የለም። በሚተርፈው ገንዘብ ከከተማው ወደ አውራጃው ትልቅ ሆስፒታል ተጨማሪ ምልልስ ዕቅዱ ውስጥ አስገባች። ካርታው ላይ ቀጭን ሰማያዊ ክር መስላ በየደጃፉ የምትገባዋን መስመር እያየች፣ እያንዳንዱ ሰው ቤቱ በር ላይ ቆሞ መኪና ሲመጣለት ይታያት ነበር። መጠይቅ ወደ ሸለቆው ላከች፤ ሁሉም «ጥሩ ነው» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ መለሰ።

የቀረው ቤት ለቤት መዞሩ ነበር። ሚናሴ ውስጥ ዛፍ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ሰው መጀመሪያ ዙሪያውን እየኮተኮተ ሥሩን ያላላል፤ ስብሰባ የሚጠራ ሰውም እንደዚያ ነው። በጉባኤው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን ሰው ቀድሞ ያነጋግራል፤ ያስረዳል፤ የሚከፋውን ነገር ያስተካክላል። ስብሰባው ሲደርስ አዲስ ነገር የሚሰማ ሰው አይኖርም፤ ሊቀ መንበሩ ይጠይቃል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ሱሚዬ በጣፋጭ አደንጓሬ የተሞላ ኬክ በሣጥን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ ሹፌሮቹ ዘንድ ሄደች፤ አቶ ካጂታኒ ዘንድ ሁለቴ ተመላለሰች። አንድ ቤት ብቻ ዘለለች።

እሱም የእትዬ ሃትሱኖ ቤት ነው። እትዬ ሃትሱኖ የተሳፋሪዎቹ ተወካይ ናቸው፤ የመጨረሻው መንደር ሰው። የሱሚዬ እናት መሰንጠቂያው ስትውል ሱሚዬን ያሳደጉ፣ አፍንጫዋን የጠረጉ፣ ጥፋት ስታጠፋ ጆሮዋን የቆነጠጡ ጎረቤት። ሱሚዬ «እሳቸውማ የቤት ሰው ናቸው» አለችና አለፈቻቸው።

በጉባኤው ቀን ዝናቡ መስኮቱን ይመታ ነበር። ሊቀ መንበሩ ምክትል ከንቲባው ናቸው። ዕቅዱ ተነበበ፤ ሻይ ቀረበ።

«እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ...» አሉ ምክትል ከንቲባው።

«እኔ፣» አሉ እትዬ ሃትሱኖ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ ዓይናቸውን ከሻይ ጽዋቸው ሳያነሡ፤ «ትንሽ ባስብበት ደስ ይለኛል።»

የትራፊክ ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። በዚያች ከተማ ሰው በስብሰባ ላይ «አልስማማም» አይልም፤ «ትንሽ ባስብበት» ከሚለው የከበደ ቃልም የለም። ምክትል ከንቲባው ጉሮሯቸውን ጠርገው ጉባኤውን ለሌላ ቀን ቀጠሩት። ማመልከቻው የሚዘጋበት ቀን ከቀጠሮው ብዙም አይርቅም።

ከክፍሉ ሲወጡ የሱሚዬ አለቃ ሙሮካ ተከተላት። በዕድሜ ታናሿ ቢሆንም በማዕረግ በላይዋ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ሲያናግራት ግራ እንደገባው ነው።

«ወይዘሮ ኢሶቤ፣ እትዬ ሃትሱኖ ዘንድ ሄደው ነበር አይደል?»

«አልሄድኩም።»

«ምን? ፖሊሱ ጋ ሄደው፣ ካጂታኒ ጋ ሁለቴ ሄደው?»

«የቤት ሰው ናቸው ብዬ ነው፣ አለቃ።»

«የቤት ሰውማ ቀድሞ ነው የሚነገረው! እኔ ለእናቴ ሳልነግር መኪና ገዝቼ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ አልተሳፈረችበትም።» ከዚያ ባለው ነገር አፈረና ጆሮው ቀላ። «ይሂዱ። እባክዎ ዛሬውኑ ይሂዱ።»

ሄደች። አውቶቡሱ በዝናቡ ውስጥ ሲወጣ ተራራዎቹ በወተት የተቀባ ወረቀት ላይ በውሃ የተሳሉ ይመስሉ ነበር፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይጠፋል። ሱሚዬ ጉልበቷ ላይ የኬኩን ሣጥን ታቅፋ ይቅርታ የምትልበትን ቃል ስትሸመድድ ቆየች።

እትዬ ሃትሱኖ ከቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ በጨው ሊቀመጥ የተለቀመውን አረንጓዴ ፕሪም በጨርቅ ይወለውሉ ነበር። ሱሚዬን ሲያዩ ቀና አላሉም።

«አሃ፣ መንግሥት መጣች!» አሉ። «ለፖሊሱ ኬክ ይዘሽ ሄድሽ አሉ። ለካጂታኒማ ሁለት ሣጥን።»

«እትዬ፣ በጣም ነው የማፍረው። ቀድሜ እርስዎ ጋ መምጣት ሲገባኝ...»

«ይኼስ ሣጥን ምንድን ነው?»

«እሱም ኬክ ነው።»

«በይ አምጪው፣ ኬኩ ምን አጠፋ?»

ሱሚዬ ግንባሯ ወለሉን እስኪነካ አጎንብሳ ይቅርታ ጠየቀች። እትዬ ሃትሱኖ ሻይ ቀዱላት፤ ጨርቅም ወረወሩላት። ሁለቱም ፕሪም መወልወል ጀመሩ። የፍሬው ሽታ ከዝናቡ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሱሚዬን ወደ ልጅነቷ ይወስዳት ነበር፤ እናቷ ከዝናቡ ወጥታ ጫማዋን አራግፋ የምትገባ መሰላት።

«የተቆጡት ስላልመጣሁ ነው?» አለች ሱሚዬ።

«እሱማ አናዶኛል። ግን በኬክ ያልፋል።»

«ታዲያ ዕቅዱ ምኑ ከፋዎት? በርዎ ድረስ እኮ ነው የሚመጣው! እስከ ማቆሚያው በዝናብ መውረድ ቀረ።»

«ጥሩ ነው።»

«ጥሩ ከሆነ...»

«ጥሩ ነው አልኩሽ እኮ» አሉ እትዬ ሃትሱኖ፤ እንዲያ ሲሉም አንዲት ፕሪም ደጋግመው ይወለውሉ ነበር።

ሱሚዬ ነገሩን ከሥሩ ካልያዘች የማትተኛ ሰው ናትና ጨርቋን አስቀመጠች። «እንሞክረው» አለች። «ነገ ለጉልበትዎ ሐኪም ቤት ይሄዱ የለ? መኪናዋ መጥታለች ብለን እናስብ። ይደውሉልኝ። እኔ ስልክ ተቀባይ ነኝ።»

እትዬ ሃትሱኖ ሳቁ። ስልኩን ግን አነሡ። ቁጥር ሊነኩ ጣታቸውን ዘርግተው ቆሙ። ከዚያ መልሰው አስቀመጡት።

«ቆይ፣ ኪዮሞሪን ልጠይቅ፤ እሱም የሚሄድበት ካለ።»

አባባ ኪዮሞሪ ከታችኛው ቤት የሚኖሩ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ብቸኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ከስልኩ አልፎ በረንዳውን ሞላው። «እኔማ ሰው ካለ እገባለሁ! ለብቻዬ ግን እንዴት ብዬ ሰው አስነሣለሁ? አንቺ የምትደውዪ ከሆነ ንገሪኝ።»

«አንተ ካልሄድክ እኔም አልደውል።»

«አይ፣ በእኔ ምክንያትማ እንዳትቀሪ! በቃ ጉዳይ እፈልጋለሁ። አምፖል ልገዛ እችላለሁ።»

«አምፖል ተቃጠለብህ?»

«አልተቃጠለም፣ ግን...»

እትዬ ሃትሱኖ ስልኩን ዘጉና ሱሚዬን አዩአት። ሱሚዬም አየቻቸው። መጀመሪያ የሳቀችው ሱሚዬ ናት፤ ከዚያ ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አየሽ፣» አሉ እትዬ ሃትሱኖ ዓይናቸውን እየጠረጉ፤ «አውቶቡሱ ለእኔ ብሎ አይመጣም። እንዲያው ይመጣል። በሩ ሲከፈት እግረ መንገዴን እገባለሁ፤ ማንንም አላስቸገርኩም። ያቺ መኪናሽ ግን ለአንዲት አሮጊት ጉልበት ተብላ ነው ከከተማ የምትነሣው። እንዴት ብዬ ልጥራት?»

«መጠይቁ ላይ ሁላችሁም ጥሩ ነው ብላችሁ...»

«ለፍተሽ ሠርተሽው፣ መጥፎ ነው እንበልሽ?»

ሱሚዬ ራሷን ጠየቀች። ባለፈው ክረምት ትኩሳት ይዟት፣ ባሏ ታክሲ ልጥራ ሲላት «ለዚህች መንገድ ሹፌር አላደክምም» ብላ በበረዶ በእግሯ ሐኪም ቤት የሄደችው እሷው ናት። እሷም አትደውልም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ለሌላ ዓይነት ሰዎች፣ ካርታ ላይ ብቻ ለሚኖሩ ሰዎች፣ ዕቅድ ስታወጣ ከርማለች።

በመጨረሻው አውቶቡስ ስትመለስ ዝናቡ ቀጥኗል። ዓይኗን ከደነች። ሸለቆው በሙሉ ታያት፦ በየበረንዳው አንድ አንድ ሰው እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ስልክ አለ፤ ማንም አያነሣውም። ከተማው ውስጥ ትንሿ መኪና መብራቷን አብርታ ቆማለች፤ ሹፌሩ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ አይጮኽም። ዓመት ያልፋል። ከዚያ የሆነ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሆነ ሰው «ፈላጊ የለም» ብሎ ይጽፋል፤ መስመሩም ከካርታው ላይ እንደ እስትንፋስ ከመስታወት ላይ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ማንም ቅር አላለም፤ ማንም አልተጣላም። ሱሚዬ ዓይኗን ገለጠች።

በማግስቱ ዕቅዱን እንደገና ከፈተች። ትንሿ መኪና ትቅር አላለችም፤ ትልቁ አውቶቡስ በምንም አይመለስም። ነገር ግን መኪናዋ በተወሰኑ ቀናት፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ሰው ጠራትም አልጠራትም ሸለቆውን ትወጣለች። ስልክ የሚያስፈልገው ከአስፋልቱ ርቀው ለሚኖሩ ጥቂት ቤቶች ብቻ ነው። ይህ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ባዶ ጉዞ ነዳጅ ይበላል፤ ሹፌርም ደመወዝ ይበላል። ሱሚዬ ከማሳው ሥዕል ላይ ውሃው ከየት እንደሚቀነስ ፈለገች። መልሱን ታውቀው ነበር፤ ላለማየት ነው የደከመችው። ክረምቱን ሙሉ የኮራችባቸውን፣ ለከንቲባው በቀይ ቀለም አስምራ ያሳየቻቸውን የሆስፒታል ምልልሶች በገዛ እጇ አንድ በአንድ ሰረዘች።

ሁለተኛው ዙር ከላይ ወደ ታች ጀመረ፤ መጀመሪያ እትዬ ሃትሱኖ ዘንድ። አሮጊቷ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው አነበቡና «እሑድስ?» አሉ።

«እሑድ የለም። ማታም የለም። ገንዘቡ አልደረሰልኝም።»

«እሑድ የት እሄዳለሁ ብለሽ ነው?» አሉ፤ ሻይም ቀዱላት።

አቶ ካጂታኒ ግን ወንበራቸው ላይ ተለጠጡ። «ወይዘሮ ኢሶቤ፣ እኔ እኮ ባዶ አውቶቡስ መንዳት ሰለቸኝ ነው ያልኩት። አሁን ባዶ መኪና ይንዱ እያሉኝ ነው?»

«ትንሽ ባዶ መኪና፣ አቶ ካጂታኒ። ትልቁን ባዶነት ተውኩልዎ።»

ሳቁ። ከሳቁ በኋላ «እሺ» ማለታቸው አልቀረም።

ጉባኤው እንደገና ሲቀመጥ ምክትል ከንቲባው «ሌላ ሐሳብ ከሌለ...» ብለው ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አዩ። ሁሉም አየ። ሙሮካ እስክሪብቶውን ሊሰብረው ነበር።

«ከእኔ የሚጨመር የለም» አሉ እትዬ ሃትሱኖ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ዕቅዱም በሩ ሳይዘጋ ደረሰ።

ትንሿ መኪና ሸለቆውን የወጣችው በጥቅምት ወር መጀመሪያ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ጠዋት ነው። ሱሚዬ ዕረፍት ወስዳ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች። በማሳዎቹ ዳር የታጨደው ሩዝ በእንጨት አግዳሚ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ሲመታው ሸለቆው በወርቅ መጋረጃ የተከፋፈለ ይመስላል፤ መኪናዋም መጋረጃውን አንድ በአንድ እየገለጠች ወደ አንድ ረጅም ሕልም የምትገባ። አባባ ኪዮሞሪ በማቆሚያቸው ላይ ባርኔጣ አድርገው ቆመው ነበር፤ «አምፖል ልገዛ ነው» አሉና መጨረሻው ድረስ ዞረው ለመመለስ ገቡ።

በመጨረሻው መንደር መኪናዋ ቆመች። በሩ ተከፈተ። እትዬ ሃትሱኖ ማሳቸው ውስጥ የሩዝ ነዶ በሁለት እጃቸው ታቅፈው ቆመዋል።

«እትዬ! አይሄዱም?» አለች ሱሚዬ ራሷን አውጥታ።

«ዛሬ ምን ጉዳይ አለኝ? ጉልበቴ ደህና ነው።»

«ታዲያ ሰው ካልገባባት በሚመጣው ዓመት ምን ብዬ ላመልክት?»

«ሐሙስ እገባለሁ። ዛሬ መምጣቷን አይቻለሁ፤ በቃኝ።» ከዚያም ነዶውን እንደታቀፉ ለመኪናዋ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ፤ ለሹፌሩ ነው፣ ለሱሚዬ ነው፣ ወይስ ለራሷ ለመኪናዋ፣ አይታወቅም። ሹፌሩም ባርኔጣውን አነሣ፤ በሩን ዘጋ፤ ትንሿን መኪና አዙሮ ቁልቁለቱን ጀመረ።